የአልኮል መሸጫ የግል ፈቃድ በእንግሊዝና በዌልስ፦ ማን ያስፈልገዋል? እንዴትስ ይገኛል?

በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ምግብ ቤት የሚከፍቱ ወገኖቻችን ከምግቡ ጋር ቢራ፣ ወይን ወይም ጠጅ ለማቅረብ ሲያስቡ አስቀድሞ የሚሰሙት ስም ፐርሰናል ላይሰንስ የሚባለው የግል ፈቃድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ወሬ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግምት ነው። አንዳንዱ ሰው ፈቃዱን የያዘ ሁሉ በፈለገበት ቦታ መጠጥ መሸጥ የሚችል ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ቢራ የሚከፍት አስተናጋጅ በሙሉ ይህን ፈቃድ መያዝ አለበት ብሎ ያምናል። ሁለቱም አልተረዱትም። የመጀመሪያው ግምት ሰውን ለወንጀል ክስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይጠቅማል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ እንግሊዝና ስለ ዌልስ ብቻ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው የመጠጥ ሕግ አላቸው፤ በእንግሊዝ የተሰጠ የግል ፈቃድ እዚያ አያገለግልም።

የግል ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

የግል ፈቃድ ለአንድ ግለሰብ በስሙ የሚሰጥ ሲሆን፣ ያ ሰው አልኮል እንዲሸጥ ወይም ሌሎች እንዲሸጡ እንዲፈቅድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ድርጅት ወይም ማኅበር ሊይዘው አይችልም፤ አንድ ሰውም ከአንድ በላይ ሊኖረው አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ፈቃዱ የሚሠራው መጠጥ እንዲሸጥበት አስቀድሞ በተፈቀደለት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ያ ሁለተኛው ፈቃድ ፕሪሚሲስ ላይሰንስ ይባላል፤ ለቦታው የሚሰጥ ሲሆን በየትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ግዴታዎች መሸጥ እንደሚቻል የሚወስነውም እሱ ነው። ከዚህ በኋላ የመሸጫ ቤቱ ፈቃድ እያልን እንጠራዋለን።

የሁለቱን ልዩነት በመንጃ ፈቃድና በሊብሬ ማስረዳት ይቻላል። መንጃ ፈቃድ የሰውየው ነው፤ ሥራ ቢቀይርም፣ ከተማ ቢለውጥም አብሮት ይሄዳል። ሊብሬው ግን የመኪናው ነው። መንጃ ፈቃድ ስላለዎት ብቻ ያልተመዘገበ መኪና ይዘው መንገድ ላይ መውጣት እንደማይችሉ ሁሉ፣ የግል ፈቃድ ስላለዎት ብቻ ባልተፈቀደለት ቤት መጠጥ መሸጥ አይችሉም። ያልተፈቀደ ሽያጭ ጣሪያ በሌለው የገንዘብ መቀጮ፣ እስከ 6 ወር በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም ያስቀጣል።

ሕጉ ፈቃዱን ለሁለት የከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ 2005 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጡት ማጅስትሬት የሚባሉት ዳኞች ሲሆኑ፣ ፈቃዱም ሰውየውንና ቤቱን አንድ ላይ አስሮ የያዘ ነበር። ስለዚህ የመጠጥ ቤት ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለስ ነበር። በ2003 ወጥቶ ከኅዳር ወር 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ይህን አሠራር ቀይሮ የሰውየውን ብቃትና የቦታውን ተስማሚነት ለየብቻ እንዲመዘኑ አደረገ፤ ሥልጣኑንም ከዳኞቹ ወስዶ ለአካባቢ ካውንስሎች ሰጠ። ካውንስሎቹ በእያንዳንዱ ውሳኔያቸው ላይ የሚያመዛዝኗቸው ዓላማዎች አራት ናቸው፦ ወንጀልንና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብን ደኅንነት መጠበቅ፣ ጎረቤትን የሚያውክ ነገር እንዳይደርስ ማድረግ፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው እነዚህን አራቱን በደንብ ቢያውቃቸው በኋላ የሚገጥሙት ጥያቄዎች ሁሉ ከየት እንደሚመነጩ ይገባዋል።

ታዲያ የሚሸጠው ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል?

አይገባም። ሕጉ የሚለው በመሸጫ ቤቱ ፈቃድ የሚካሄድ እያንዳንዱ የአልኮል ሽያጭ የግል ፈቃድ ባለው ሰው የተፈጸመ ወይም በእርሱ የተፈቀደ መሆን አለበት ነው። አንድ የግል ፈቃድ ያለው ሰው ዐሥር አስተናጋጆች እንዲሸጡ ሊፈቅድ ይችላል፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር አጠገባቸው መቆምም አይጠበቅበትም። ዕረፍት ሊወስድ ይችላል፤ አገር ቤት ለበዓል ሊሄድም ይችላል።

ይሁን እንጂ መፍቀድ ማለት ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። ሆም ኦፊስ የሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለካውንስሎች በሚሰጠው መመሪያ መሠረት እንዲሸጡ የተፈቀደላቸው ሰዎች ማንነት በግልጽ መታወቅ አለበት፤ ምን ማድረግ እንደተፈቀደላቸው ተለይቶ መገለጽ አለበት፤ ፈቃዱም በግልጽ የተሰጠ፣ የሚሻለው ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያም በኋላ ፈቃጁ ሥራውን በየጊዜው የሚቆጣጠርበት መንገድ መኖር አለበት። በተግባር ይህ ማለት የሠራተኞቹ ስምና ፊርማ ያለበት፣ ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት በካዝናው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። የፖሊስ ወይም የካውንስል ተቆጣጣሪ በመጣ ጊዜ ይህ ወረቀት ከብዙ ማስረዳት ያድናል፤ ምግብ ቤት ለሚከፍት ሰው አስቀድሜ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ጊዜም አይፈጅም።

በቤተሰብ በሚተዳደሩ ምግብ ቤቶች የሚነሳ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ፣ ኃላፊነት ያለው አዋቂ እያንዳንዱን ሽያጭ ለይቶ ማጽደቅ አለበት። መጠጡ ከማዕድ ጋር ለመጠጣት የሚሸጥበት፣ ለተመጋቢዎች ብቻ የተለየ ቦታ ከሆነ ግን ይህ ግዴታ የለም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ወላጆቿን የምታግዝ የ16 ዓመት ልጅ እራት ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ቢራ ብታቀርብ ሕግ አልተጣሰም፤ ያንኑ ቢራ በባንኮኒው ላይ ምግብ ላላዘዘ ሰው ብትሸጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ዲፒኤስ የሚባለው ሰው ማን ነው?

አልኮል የሚሸጥበት ምግብ ቤት ሁሉ በፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈ አንድ ኃላፊ ሊኖረው ይገባል። ይህ ሰው በሥራው ዓለም ዲፒኤስ ተብሎ ይታወቃል፤ የግል ፈቃድ ያለው መሆንም የግድ ነው። የቤቱ ባለቤት ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራ ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ወይም ካውንስል ስለዚያ ቤት ጥያቄ ሲኖረው አስቀድሞ የሚጠራው ይህን ሰው ነው።

ብዙ ቤቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ምግብ ቤት ሲከፈት የባለቤቱ የወንድም ልጅ ኮርሱን ወስዶ ዲፒኤስ ሆነ እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ስሙ ግን በፈቃዱ ላይ እንደተጻፈ ቀረ። ልጁ ከዚያ ቤት ጋር ያለውን ግንኙነት ሙሉ በሙሉ ካቋረጠና ሽያጩን የሚፈቅድ ሌላ የግል ፈቃድ ያለው ሰው ከሌለ፣ በዚያ ቤት የሚሸጠው እያንዳንዱ ጠርሙስ የፈቃዱን ግዴታ የጣሰ ነው። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ለወራት ሊሸጥ ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን አለማወቁ አያድነውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሌላ የግል ፈቃድ ያለው ሰው አስፈርሞ፣ 23 ፓውንድ ከፍሎ የዲፒኤሱ ስም እንዲለወጥ ለካውንስሉ ማመልከት ነው። አመልካቹ ለውጡ ወዲያውኑ እንዲጸና ከጠየቀ ሽያጩ አይቋረጥም። ፖሊስ ለየት ያለ ምክንያት ካለው በ14 ቀን ውስጥ ሊቃወም ይችላል።

ስምን ማከራየት ግን ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ቤቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ስሙን ቢያውስ፣ በዚያ ቤት ለሚፈጸመው ጥፋት የሚጠየቀውና ፈቃዱን ለአደጋ የሚያጋልጠው እርሱ ነው። ለዘመድ ውለታ ለመዋል ተብሎ እንኳ ቢሆን ሊደረግ የማይገባው ነገር ነው።

ማን ማመልከት ይችላል?

አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ሕጉ የሚቀበለውን የብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የግል ፈቃዱ በፍርድ ቤት ያልተወረሰበት መሆን አለበት፤ በዩናይትድ ኪንግደም የመሥራት መብት ሊኖረው ይገባል፤ ከመጠጥ ሥራ ጋር ግንኙነት አላቸው ተብለው በሕጉ በተዘረዘሩ ወንጀሎች የተላለፈበት፣ ጊዜው ያላለፈ የጥፋተኝነት ፍርድ ካለ ደግሞ መናገር ግዴታው ነው። ዜግነት መስፈርት አይደለም።

የመሥራት መብቱ መስፈርት የተጨመረው ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ነው። ለመጤ ማኅበረሰቦች ትልቅ ትርጉም ስላለው በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ፓስፖርት ያለው፣ ያልተወሰነ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ፣ ጥገኝነቱ ተቀባይነት ያገኘ ሰው በዚህ መስፈርት በኩል ችግር የለበትም። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለና የመሥራት መብት ያልተሰጠው ሰው ግን ፈቃዱን ሊያገኝ አይችልም። በጊዜ የተወሰነ ቪዛ ያለው ሰው ቪዛው ይህን ሥራ እንዳይሠራ እስካልከለከለው ድረስ ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን የመሥራት መብቱ ያበቃ ዕለት የግል ፈቃዱም አብሮ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የቪዛ እድሳቱን የሚያዘገይ ሰው አደጋ ላይ የሚጥለው የመኖሪያ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ቤቱ መጠጥ የሚሸጥበትን መሠረት ጭምር ነው።

ኮርሱና ፈተናው ምን ይመስላል?

የብቃት ማረጋገጫው በተለምዶ ኤፒኤልኤች ይባላል፤ ደረጃውም 2 ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ትምህርት ይጠናቀቃል፤ መጨረሻ ላይ 40 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት የ40 ደቂቃ ፈተና ይሰጣል፤ ለማለፍ 28ቱን በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ትምህርቱና ፈተናው በኢንተርኔት የሚሰጡበት መንገድም አለ፤ ነገር ግን ከመክፈል በፊት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በመንግሥት የታወቀ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ስለ አልኮል የሚሰጥ ኮርስ ሁሉ ለዚህ ፈቃድ አያገለግልም።

ፈተናው የሚጠይቀው መጠጥ የመቅዳት ጥበብን ሳይሆን ሕግን ነው። አራቱ ዓላማዎች፣ የካውንስሉና የፖሊስ ሥልጣን፣ የሁለቱ ፈቃዶች ልዩነት፣ የአልኮል መጠን በመቶኛ እንዴት እንደሚነበብ፣ ለሰከረ ሰው መሸጥ የተከለከለ መሆኑ፣ የዕድሜ ማረጋገጫ አሠራር በጥያቄዎቹ ውስጥ ይመጣሉ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ወንጀል ነው፤ መቀጮውም ጣሪያ የለውም። ብዙ ቤቶች 25 ዓመት ያልሞላው የሚመስልን ሰው ሁሉ መታወቂያ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ከ16 እስከ 17 ዓመት ያለ ወጣት ግን ከአዋቂ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ አዋቂው የገዛለትን ቢራ፣ ወይን ወይም ሳይደር ከምግቡ ጋር ቢጠጣ ሕጉ አይከለክለውም። እንዲህ ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ፈተና ላይ በተደጋጋሚ ይጠየቃሉ፤ አንድ ቀን ብቻ በሚቆይ ትምህርት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ሰምቶ መያዝ ስለሚከብድ መጽሐፉን ከጥቂት ቀናት በፊት ተቀብሎ ማንበብ ይረዳል።

ማመልከቻው ለማን ይገባል? ምን ምን ያስፈልጋል?

ማመልከቻው የሚገባው አመልካቹ ለሚኖርበት ካውንስል እንጂ ለሚሠራበት አይደለም። በብሬንት እየኖረ በኢዝሊንግተን የሚሠራ ሰው የሚያመለክተው ለብሬንት ነው። ክፍያው 37 ፓውንድ ነው።

ከቅጹ ጋር የኮርሱ የምስክር ወረቀት፣ የመሥራት መብት ማስረጃ፣ ስለ ቀድሞ የጥፋተኝነት ፍርዶች የሚሞላ የማሳወቂያ ቅጽ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎችና ቤዚክ ዲቢኤስ የሚባለው የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ይቀርባሉ። ፎቶዎቹ የፓስፖርት ልክ፣ ማለትም 45 በ35 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አንደኛው ጀርባው ላይ የእርስዎ እውነተኛ መልክ መሆኑን ሌላ ሰው ያረጋገጠበት መሆን አለበት። አረጋጋጩ ጠበቃ፣ የሙያ ብቃት ያለው ሰው ወይም በማኅበረሰቡ ዘንድ የተከበረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ፖሊስና የሃይማኖት አገልጋይ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ለአንድ ፊርማ ብሎ ለጠበቃ ከመክፈል በፊት የሚያውቁዎትን የአጥቢያዎን ካህን ወይም ኢማም መጠየቅ ይቻላል።

የወንጀል መዝገብ ማስረጃው ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ከአንድ ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ብዙ ማመልከቻ ወደ አመልካቹ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዎች ማስረጃውን ከሁሉ አስቀድመው ያወጡና ኮርሱን ሲጨርሱ ቀኑ አልፎበት ይገኛል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ አስቀድሞ ኮርሱን መውሰድና ማለፍ፣ ቀጥሎ ፎቶውንና የመሥራት መብት ማስረጃውን ማዘጋጀት፣ የወንጀል መዝገቡን በመጨረሻ አውጥቶ እንደደረሰ ወዲያው ማስገባት።

የወንጀል መዝገብ ያለበት ሰው ተስፋ የለውም?

ተስፋ አለው፤ ይህን ከፍ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገና ሳያመለክት ራሱን ይከለክላል። የእንግሊዝ ሕግ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ አብዛኛው ፍርድ እንደሌለ እንዲቆጠር ያደርጋል። ለምሳሌ ለአዋቂ ሰው የገንዘብ መቀጮ ብቻ ከሆነ ጊዜው አንድ ዓመት ነው። ጠጥቶ ማሽከርከር ግን ከመቀጮው ጋር በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚሰፍር ምልክት ስለሚያስከትል ጊዜው እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል፤ ጥፋቱም በሕጉ ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። በታክሲና በዕቃ ማድረስ ሥራ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚሠሩ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ጊዜው ያላለፈበትና በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኝ ፍርድ ያለበት ሰው ሲያመለክት፣ ካውንስሉ ለፖሊስ ያሳውቃል። ፖሊስ ፈቃዱ ቢሰጥ ወንጀል የመከላከሉ ዓላማ ይጎዳል ብሎ ካመነ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊቃወም ይችላል። ካልተቃወመና በኢሚግሬሽን በኩልም ተቃውሞ ከሌለ ካውንስሉ ፈቃዱን ይሰጣል። ከተቃወመ የካውንስል አባላት ጉዳዩን የሚሰሙበት ስብሰባ ይጠራል፤ አመልካቹም ቀርቦ ጥፋቱ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ያስረዳል። የአሠሪ ደብዳቤና ጥሩ ምስክርነት ዋጋ የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው ካላረካው በ21 ቀን ውስጥ ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። በሌላ አገር የተላለፈ ፍርድም መነገር አለበት፤ መደበቅ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ የማያስከለክለውን ነገር አስከልካይ ያደርገዋል።

ለአንድ ቀን በዓል ወይም ለማኅበር ዝግጅት ምን ያስፈልጋል?

የእንቁጣጣሽ ዝግጅት፣ የሙዚቃ ምሽት ወይም ለዕርዳታ ገንዘብ የሚሰበሰብበት እራት የሚያዘጋጅ ሰው ኮርስ መውሰድ አያስፈልገውም። ቴምፖራሪ ኢቨንት ኖቲስ የሚባል የጊዜያዊ ዝግጅት ማሳወቂያ አለ፤ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው። 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው ሊያስገባው ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ሰው ሠራተኞችን ጨምሮ ከ499 መብለጥ የለበትም፤ ዝግጅቱም ከ168 ሰዓት አይበልጥም። በመደበኛው አሠራር ማሳወቂያው ካውንስሉ የተቀበለበትና ዝግጅቱ የሚጀምርበት ቀን ሳይቆጠሩ ከ10 የሥራ ቀናት በፊት መግባት አለበት፤ ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓላትም አይቆጠሩም። የግል ፈቃድ የሌለው ሰው በዓመት 5 ጊዜ ሊያስገባ ሲችል ያለው ሰው 50 ጊዜ ይፈቀድለታል። ዝግጅት ማሰናዳትን ሥራቸው ላደረጉ ሰዎች የግል ፈቃዱ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው።

እዚህ ላይ በማኅበሮቻችን ዘንድ የተለመደ አንድ አሠራር መታረም አለበት። መጠጡ «በነጻ» ቢባልም ለመግባት ትኬት የሚቆረጥ ከሆነና መጠጡ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ከተካተተ ሽያጭ ነው። «የፈለጋችሁትን ጣሉ» ተብሎ በሣጥን የሚሰበሰበው ገንዘብም መጠጡን ለማግኘት የሚጠበቅ ክፍያ ከሆነ ስሙ አያድነውም። ሙሽሮቹ ከፍለው ለተጋባዦቻቸው በእውነት በነጻ የሚያቀርቡት መጠጥ ግን ሽያጭ ስላልሆነ ማሳወቂያ አይጠይቅም።

በቤት የተጣለ ጠጅስ?

ለራስና ለቤተሰብ ጠጅ መጣል ወይም ጠላ መጥመቅ አይከለከልም። ለሽያጭ ማዘጋጀት ግን ከዚህ ሁሉ ፈቃድ በተጨማሪ ኤችኤምአርሲ ከሚባለው የግብርና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት የአምራችነት ፈቃድና የቀረጥ ክፍያ ይጠይቃል። የመሸጫ ቤቱ ፈቃድ ስላለ ብቻ በጓዳ የተጣለውን ጠጅ በብርሌ ለእንግዳ መሸጥ አይቻልም። አረቄ ማውጣት ደግሞ ያለ ፈቃድ ለራስ ፍጆታም ቢሆን ወንጀል ነው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ መጠጥም ያለ ቀረጥ የተፈቀደው ለራስ ብቻ ነው፤ በምግብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከተገኘ የቤቱን ፈቃድ ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። ለሽያጭ የሚሆነውን መጠጥ በዚሁ መሥሪያ ቤት ከጸደቀ የጅምላ ነጋዴ መግዛትና ደረሰኙን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የመሸጫ ቤቱ ፈቃድ ምን ያህል ያስከፍላል?

እሱ ለብቻው የሚታይ ሰፊ ጉዳይ ቢሆንም መጠኑን ማወቅ ለዕቅድ ይረዳል። ክፍያው የሚሰላው ቤቱ ለንግድ ግብር በተገመተበት ዋጋ ነው፤ ግምቱ እስከ 4,300 ፓውንድ ለሆነ 100፣ ከዚያ በላይ እስከ 33,000 ለሆነ 190 ፓውንድ ሲሆን፣ በየዓመቱ ደግሞ በቅደም ተከተል 70 እና 180 ፓውንድ ይከፈላል። ማስታወቂያ በቤቱ ላይ ተለጥፎ፣ በአካባቢው ጋዜጣም ወጥቶ ጎረቤቶችና ፖሊስ አስተያየት የሚሰጡበት 28 ቀን ስላለ፣ ቤት ተከራይቶ የኪራይ ሂሳብ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ይህን ጊዜ ማስላት ይገባል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ምን ግዴታ አለ?

ቀድሞ የግል ፈቃድ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ይህ ግዴታ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ስለቀረ ዛሬ የሚሰጠው ፈቃድ የማብቂያ ቀን የለውም። ይህ ብዙዎችን አዘናግቷል፤ ምክንያቱም እድሳቱ ቢቀርም ግዴታዎቹ አልቀሩም። አድራሻ ወይም ስም ሲለወጥ ፈቃዱን ለሰጠው ካውንስል ማሳወቅ የግድ ነው፤ ክፍያው 10.50 ፓውንድ ሲሆን አለማሳወቅ ያስቀጣል። ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወርም ፈቃዱ ዕድሜ ልኩን የሚተዳደረው መጀመሪያ በሰጠው ካውንስል ነው፤ ከለንደን ወደ ሊድስ የሄደ ሰው የአድራሻ ለውጡን የሚልከው ወደ ለንደኑ ካውንስል ነው።

በሥራ ላይ ሳለ ፖሊስ ወይም የካውንስል ሹም ሲጠይቀው ፈቃዱን ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ ካርዱን ቤት ማስቀመጥ አይመከርም። በተዘረዘሩት ወንጀሎች የተከሰሰ እንደሆነ የግል ፈቃድ እንዳለው ለፍርድ ቤቱ መናገር ግዴታው ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካለው ፈቃዱን ሊወርስ ወይም እስከ 6 ወር ሊያግድ ይችላል። ከ2017 ጀምሮ ካውንስሉም ራሱ ይህንኑ ማገድና መሰረዝ ይችላል፤ ከመወሰኑ በፊት ግን ለፈቃዱ ባለቤት ጽፎ አስተያየቱን እንዲሰጥ 28 ቀን ይሰጠዋል። ደብዳቤው የሚላከው በመዝገብ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ፣ የቤት ለውጡን ያላሳወቀ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ጊዜ ሳያውቀው ሊያልፍበት ይችላል።